የጠፋው ሁለት ዋት

ሴትየዋ የእጅ ባትሪውን ያመጣችው በፎጣ ጠቅልላ፣ ጨቅላ እንደያዘ ሰው ደረቷ ላይ አስጠግታ ነው። የጥገና ሱቁ ደጃፍ ላይ ትንሽ ቆመች። ግራ ቀኟን አየችና ሹልክ ብላ ገባች።

ጠጋኟን ሰፈሩ ሁሉ ቮልት ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ፣ ካውያና ባትሪ ስትፈታና ስትገጥም ኖራ፣ በእናቷ ስም የሚጠራት ሰው ጠፋ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽር የምትፈልግ ዓይነት ሰው ናት። ሥራ ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። የምታምነው ቴስተሯ ላይ ያየችውን ብቻ ነው። «ሰው ይዋሻል፣ መርፌዋ ግን አትዋሽም» ትላለች።

ሴትየዋን ወዲያው አወቀቻት። የማያውቃት አልነበረም። ባሏ ለከተማው ውሃ የሚያመጣው ዋሻ ጠባቂ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ጠዋት እንደወትሮው ወደ ሥራው ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ዋሻው ተፈለገ፣ ሰው የለም። የተገኘው ይህ የእጅ ባትሪ ብቻ ነው፤ ያውም ከዋሻው በር ውጭ፣ ደረጃው ላይ፣ ጠፍቶ፣ በጭንቅላቱ ተተክሎ። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ነገሩን በአንድ መስመር ዘጋው፤ ባትሪው ከወጣ ሰውየውም ወጥቷል። ሥራውን ጥሎ ጠፋ ተብሎ ደብዳቤ ተጻፈ። የሰው አፍ ደግሞ ደብዳቤ አይጠብቅም። ሌላ ሴት ጋ ነው የሄደው ተባለ፤ ባሕር ማዶ ታየ ተባለ፤ ሁለተኛ ልጅ ወለደ ተባለ። ሚስቱ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በዋናው መንገድ አትሄድም፣ ስለ እሱም ለማንም አታወራም ነበር።

«አምፖሉ ተቃጥሏል» አለች ፎጣውን እየፈታች። «እንደሱ ዓይነቱ አሁን አይገኝም አሉኝ። በአዲሱ፣ በኤልኢዲው ቀይሪልኝ።»

«ለእርስዎ ነው እትዬ?»

«ለልጄ። በአባቷ ቦታ ቀጠሯት። ሰኞ ትገባለች።» ፎጣውን አጣጠፈች። «መሥሪያ ቤቱ የሰጣት ባትሪ የልጅ መጫወቻ ነው፣ ፕላስቲክ። የአባቷን ይዛ ትግባ። እሱ እንኳ ክፉ አልነበረም።»

ባትሪውን ይሁን ባሏን ማለቷ አልለየም። ቮልትም አልጠየቀችም።

«እቀይርልዎታለሁ። ግን አምፖል አውጥቶ አምፖል እንደመክተት አይቁጠሩት» አለች ጭንቅላቱን እየፈታች። «አሮጌው አምፖል ምድጃ ነው። ከሚበላው ኃይል ብርሃን የሚሆነው ትንሽ ነው፤ ሌላው ሙቀት ነው። ሙቀቱን ግን ከብርሃኑ ጋር በመስታወቱ በኩል ወደ ፊት ይተፋዋል።»

«እውነትሽን ነው። በብርድ ጊዜ እጁን ያሞቅበት ነበር።»

«ኤልኢዲው ከፊቱ አይሞቅም፣ ቀዝቃዛ ብርሃን ነው የሚሰጠው። ሙቀቱ በጀርባው ነው። ከጀርባው ተቀብሎ የሚበትንለት ብረት ካላገኘ እዚያው ውስጡ ይታመቅና መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ይቃጠላል። ሁሉን በሆዱ እንደሚይዝ ሰው ማለት ነው።»

«እንደ እኔ በይኛ» አለች ሴትየዋ፤ ፈገግ ያለች መሰለች።

በማግስቱ ቮልት ሥራውን ያዘች። ባትሪው ሦስት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ፣ ወፍራም የአሉሚኒየም አካል ያለው የድሮ ዕቃ ነው። ሦስቱ ድንጋይ አራት ቮልት ተኩል ይሰጣል፤ ኤልኢዲው የሚፈልገው ሦስት ያህል ብቻ ነው። ትርፉን የምትበላ ሬዚስተር በየደችለት። ከኤልኢዲው ጀርባ እንደ ሳንቲም ወፈር ያለች የአሉሚኒየም ክብ አበጀች፤ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ነጭ ቅባት ቀብታ፣ ከባትሪው አንገት ጋር ጥብቅ አድርጋ ገጠመቻት። ሙቀቱ ከኤልኢዲው ወደ ክቧ፣ ከክቧ ወደ አካሉ፣ ከአካሉ ወደ ያዘው ሰው እጅና ወደ አየሩ ይሄዳል። መንገዱ ክፍት ነው።

ስሌቱም ቀላል ነበር። ከድንጋዮቹ የሚወጣው ሦስት ዋት ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ እንኳ የማይሞላው ብርሃን ሆኖ ይወጣል። የቀረው ሁለት ዋት ከምናምን ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ባትሪው ለአንድ ሰዓት ቢበራ አንገቱ ከሠላሳ አምስት ዲግሪ ማለፍ አለበት። ከዚህ ብዙ ከበለጠ ክቧን ማወፈር ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ እንደተኛች፣ ባትሪውን አበራችው። የቴርሞሜትሩን ሽቦ አንገቱ ላይ አሰረች። ክፍሉ ሃያ ሁለት ዲግሪ ነበር። የአንድ ደንበኛ ሬዲዮ ስትፈታ ቆየችና ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁጥሩን አየች።

አሥራ ዘጠኝ።

ሽቦው ወልቋል ብላ ደግማ አሰረችው። አሥራ ዘጠኝ። በጣቷ ነካችው፤ ጥላ ሥር እንደዋለ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ኤልኢዲው ግን ግድግዳውን ነጭ አድርጎ እያበራ ነው። ቴስተሯን አስገባች፤ ዜሮ ነጥብ ሰባት አምፒር። ልክ ነው። ቮልቱን ለካች፤ ልክ ነው። ሦስት ዋት ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፣ ሁለቱ የለም።

ሙቀት አይጠፋም። ይህን ቮልት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጣቶቿ ጠባሳ ነው የተማረችው። ከአንዱ ቦታ ከታጣ ሌላ ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው።

ኤልኢዲውን በሌላ ቀየረች፤ ያው። የራሷን አሮጌ ባትሪ፣ ዓይነቱ ከዚህኛው ጋር አንድ የሆነውን፣ በዚያው መንገድ ሠርታ ጎን ለጎን አበራቻቸው። የእሷ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ገባ። የሰውየው አሥራ ስምንት። በሦስት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት ፈተነችው። የጠፋው ሙቀት ቢጠራቀም አንድ ትልቅ ኩባያ ውሃ ያፈላል። ይህን ወረቀት ላይ ጻፈችና ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ማየት አልፈለገችም።

በሦስተኛው ቀን ነው ያገኘችው። ባትሪውን ለማንሳት እጇን ስትሰድ መሃል አካሉ ላይ ጣቶቿ ሞቅ ያለ ነገር ነኩ። ደነገጠችና እጇን ሳበች። ከዚያ በአንድ ጣቷ ጫፍ ቀስ እያለች ዳሰሰችው። ከአንገቱ በታች ቀዝቃዛ፤ ዝቅ ሲል የጣት ወርድ ያህል ሙቅ፤ ከዚያ ጠባብ ቀዝቃዛ፤ እንደገና ሙቅ። አራት ሰንበር። በሌላው ጎን ሰፊ ሙቀት፣ እንደ መዳፍ። ማብሪያው አጠገብ ደግሞ አንድ፣ አጠር ያለ። ቴርሞሜትሯን አስጠጋች። ሠላሳ አራት ይላል፤ የሰው ቆዳ ሙቀት።

ከጎን ያለውን ፀጉር አስተካካይ ጠራችው። እሱ በዓለም ላይ የማይቀልድበት ነገር የለም።

«እስቲ ይህን ንካው። ምንም አልነግርህም።»

ነካው። «ማነው ይዞት የነበረው?»

«ማንም።»

«ማንም እንግዲህ ትልቅ እጅ አለው» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠ። የራሱን ቀኝ እጅ ሙቀቱ ላይ ሊያሳርፍ ሞከረ፣ አልገጠመም። ግራውን ሞከረ፤ ልክ ተኛለት። እጁን አንስቶ ሱሪው ላይ ጠራረገና ወደ ሱቁ ሄደ። ያን ቀን ከወዲያ በኩል ሳቁ አልተሰማም።

እሑድ ከሰዓት ልጅቷ ባትሪውን ልትወስድ መጣች። ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው፤ አዲስ ቦት ጫማ አድርጋለች፣ እንዲለሰልስላት ቤት ውስጥ ስትለማመድበት የሰነበተች ይመስላል። ቮልት ልትደብቃት አሰበች፣ አልቻለችም። ሁሉንም ነገረቻት፤ ሁለቱን ዋት፣ ቅዝቃዜውን፣ በግራ እጅ ልክ የተኙትን ሰንበሮች።

ልጅቷ ባትሪውን ተቀብላ ጨበጠችው። ጣቶቿን በሰንበሮቹ ላይ አሳረፈች።

«አሁን አቀብሎኝ የሄደ ይመስላል» አለች። «ግን እትዬ ቮልት፣ አባቴ ግራኝ አልነበረም።»

«የኔ ልጅ፣ ይሄን ተዪው። የራሴን ልስጥሽ። ያው ብርሃን ነው፣ ሙቀቱም ሙቀት ነው።»

«እናቴ ይህን ይዘሽ ግቢ ብላለች።»

«እንግዲያው ብቻሽን አትገቢም።»

«ሕጉስ ሁለት ሰው ነው። ጓደኛዬ ታመመ ብለው ብቻሽን ግቢ አሉኝ። አባቴንም እንዲሁ ነበር የሚሉት።»

ቮልት ከጠረጴዛና ከወንበር ሌላ የምታውቀው ዓለም የላትም፤ ጨለማም አትወድም። ግን የሠራችው ዕቃ ነው፤ ያልገባትን ዕቃ ለሰው አስይዛ አታውቅም። ባትሪው ውስጥ አዲስ ድንጋይ ጨመረች። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሱቋን ዘግታ ከልጅቷ ጋር ዋሻው በር ላይ ተገኘች።

በሩ ከተራራ ሥር የተቀመጠ የብረት በር ነው። ውጭ ፀሐይ ነበር፣ ወፎች ይንጫጫሉ። ሃያ እርምጃ ከገቡ በኋላ ፀሐዩም ወፉም የሌላ አገር ነገር ሆነ። ዋሻው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል። ወለሉ ላይ ውሃ ቁርጭምጭሚት ድረስ እየተንሿሿ ይወርዳል። በስተቀኝ ግድግዳው ላይ የተተከለ የእጅ መደገፊያ ብረት አለ፤ በየመቶ ሜትሩ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፏል።

ልጅቷ ቀኝ እጇን ብረቱ ላይ አሳረፈች፣ ባትሪውን በግራዋ ያዘች። ጥቂት እንደሄዱ ቆም አለች።

«እትዬ።»

«አየሁ» አለች ቮልት። አባትየው ሲገባ ቀኝ እጁ ብረቱን ከያዘ ባትሪው በግራ ነው። ሲመለስ ብረቱ በግራው ስለሚሆን ባትሪው በቀኙ ይሆናል። የያዘው እጅ የሚገባ ሰው እጅ ነው፤ የተመለሰ ሰው እጅ አይደለም።

አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ውሃው ደስ የሚል ድምፅ አለው፤ ዘፈን የሚያንጎራጉር ሰው ይመስላል። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ የሚባለው ቮልት አእምሮ ውስጥ መጣና አልወጣ አለ። ከስድስት ቁጥር በኋላ ባትሪው ማላብ ጀመረ። አካሉ ከዋሻው አየር ይበልጥ ስለቀዘቀዘ ጤዛ ያዘው፤ ጠብታው በልጅቷ ጓንት ላይ ይወርዳል። የሚያወጡት ትንፋሽ ብርሃኑ ውስጥ እንደ ጭጋግ ይታይ ጀመር።

«በረዶ ሆነ እኮ» አለች ልጅቷ።

«ስጪኝ።»

«ሰባት ቁጥር ላይ የውሃ መለኪያ አለ። እሱን አንብቤ እንመለሳለን። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አላነበበውም፣ አባቴን የተካው ሰው ቢሮ ተቀምጦ በግምት ነበር የሚሞላው።»

መለኪያው በስተግራ ባለው ግድግዳ ላይ ነበር፤ ቁጥር የተጻፈበት ዝገት የበላው ሰሌዳ። ከዚህ ሆኖ አይነበብም። ልጅቷ ከመደገፊያው እጇን አነሳችና አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደች።

ሁለተኛውን ልትራመድ እግሯን ስታነሳ ጮኸች።

«አቃጠለኝ!»

ባትሪው ከእጇ ወደ ፊት ተወረወረ። ቮልት የላስቲክ ቃጠሎ ሸተታት። ባትሪው ውሃው ላይ ሲያርፍ የጋለ ብረት ባልዲ ውስጥ እንደተነከረ ቺስ አለ፣ እንፋሎት ተነሣ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ የጠፋው ሙቀት ተሰብስቦ በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

ብርሃኑ ግን አልጠፋም። ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ውስጥ የወደቀ ባትሪ ወለሉ ላይ መጋደም ነበረበት። እሱ ግን ወረደ። ብርሃኑ እያነሰ፣ እየከሰመ፣ እየዞረ ወረደ፤ የሁለት ሰው ቁመት ያህል። ያን ጊዜ ነው ያዩት። ከልጅቷ እግር አንድ ስንዝር ፊት ወለል የለም። ክዳኑ በዝገት ያለቀ የዝቃጭ ጉድጓድ ነው፤ ውሃው ከላይ እኩል ስለተኛበት ከሌላው ወለል አይለይም።

ቮልት ልጅቷን በቀበቶዋ ጨምድዳ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተቻት። ሁለቱም ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

ብርሃኑ ከታች ቆመ። አረንጓዴ በሆነው ውሃ ውስጥ ወደ ጎን እያበራ ነበር። ያበራው ሁለት ቦት ጫማ ላይ ነው፤ ቀና ብለው የተቀመጡ፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ እንደሚቀመጠው።

ልጅቷ አላለቀሰችም። «የእሱ ነው» አለች ብቻ። «ማሰሪያውን በሽቦ ነበር የሚያስረው።»

ልጅቷ በኪሷ ይዛው የገባችውን የመሥሪያ ቤቱን የፕላስቲክ ባትሪ አብርተው፣ ብረቱን በግራ ይዘው ወጡ። ቮልት ሰባት ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ አየች። ጉድጓዱ ያለበት ቦታ ጣሪያው ላይ ብርሃን ይወዛወዝ ነበር።

ውሃውን ዘግቶ ጉድጓዱን ማድረቅ ሦስት ቀን ፈጀ። ቮልት እንደለካችው ያ ባትሪ በአዲስ ድንጋይ ቢበዛ ቢበዛ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የሚያበራው። ሠራተኞቹ ግን ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም ብርሃኑን አይተው ነው የሠሩት። ከመካከላቸው አንዱ ሱቋ ድረስ መጥቶ፣ አጥንቱን አንስተው በሸራ ሲሸፍኑት ያን ጊዜ ጠፋ ብሎ ነገራት። እሷ በዓይኗ ስላላየችው አትምልበትም። ባትሪውን ሲያመጡላት ግን ፈትታዋለች። የውሃ መከላከያው ላስቲክ ቀልጦ ነበር፣ ውስጡ ውሃ ሞልቷል፣ ሬዚስተሯ ተበጥሳለች። ሦስቱንም ድንጋይ በቴስተር ነካች። መርፌዋ ከዜሮ አልተነሳችም።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ብዙ ጠየቁ። ሰውየው እዚያ ከወደቀ ባትሪው ከዋሻው ውጭ ደረጃ ላይ ማን አስቀመጠው? ቮልት «እኔ የምጠግን ሰው ነኝ» ብላ መለሰች። ማንም ሌላ መልስ አላገኘም፤ እስከ ዛሬም የለም። ደብዳቤው ግን ተሻረ። «ሥራ ላይ ሳለ» የሚል አዲስ ተጻፈ። ሰውየው ተቀበረ፤ ወሬውን ያወሩት ሁሉ መጡ፤ ሚስቱ አንዳቸውንም ሳትወቅስ እጃቸውን ጨበጠች። ልጅቷ ሥራዋን አልተወችም። የጉድጓድ ክዳኖች ሁሉ ካልተቀየሩ አልገባም አለች፣ ተቀየሩ፤ አሁን ከአንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ጋር ነው የምትገባው፣ የእጇም ቃጠሎ ድኗል።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ እናቲቱ ወደ ሱቁ መጣች። የሚጠገን ነገር አልያዘችም። ቮልት ወንበር ሰጠቻት፣ መበየጃዋን ከሶኬቱ ነቀለችና ከፊቷ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ስለ እሱ ላወራ ነው የመጣሁት» አለች ሴትየዋ። «ሦስት ዓመት ሙሉ አላወራሁም። ሰው ምን ይለኛል እያልኩ አንገቴን ደፋሁ። ጊዜ አለሽ?»

«ኧረ ሞልቶኛል።»

ሴትየዋ ጀመረች። ቀልድ ሲያወራ ሳይጨርሰው በፊት ራሱ የሚስቅ ሰው እንደነበር፤ ከዚያ የተነሣ የቀልዶቹን መጨረሻ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ አንድም ጊዜ ሰምታ እንደማታውቅ ነገረቻት። እየነገረቻት እሷም ሳቋ መጣ፣ መጨረስ አቃታት። ቮልት መነጽሯን ፍለጋ ጠረጴዛውን ትዳብስ ጀመር፤ ዓይኗ ረጥቦ ነበርና።